እስከ ዙሁር የተተረከ ፊልም

ስለ ፊልም ከእኔ ጋር መከራከር የሚፈልግ ሰው ቁርሱን በደንብ በልቶ ይምጣ። ጉራ እየነዛሁ አይደለም። ኮምቦልቻ ፋብሪካችን ውስጥ፣ በተለይ ፈትል ክፍል፣ ስማቸው ስለ ፊልም ምን አለ ተብሎ ያልተጠየቀበት ሳምንት የለም። ስማቸው እኔ ነኝ። ዕድሜዬ ሠላሳ አራት ነው፣ የተማርኩት እስከ አስረኛ ክፍል ነው፣ ፊልም ሠርቼ አላውቅም፣ ሲሠራም አላየሁም። ማየት ግን አያለሁ። በየአስራ አምስት ቀኑ ደሴ ወጥቼ ፒያሳ ፍላሽ ላይ ፊልም አስሞላለሁ፣ በስልኬ አያለሁ፣ ከዚያ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አስተያየቴን በድምፅ እለቅቃለሁ። ግሩፑ ሁለት መቶ አስር ሰው አለው። የሚሰድቡኝ ሰባት ናቸው፤ ሰባቱንም አውቃቸዋለሁ፣ ማሸጊያ ክፍል ናቸው።

በአስፈሪ ፊልም ላይ ያለኝ አቋም የታወቀ ነው። በር ሲከፈት ድንገት ጓ አድርጎ የሚያስደነግጥ ፊልም ለእኔ ፊልም አይደለም። ኮርኩሮ የሚያስቅ ሰው ቀልድ ያውቃል አይባልም፣ ይሄም እንደዚያው ነው። ደግሞ ሰዎቹ ያናድዱኛል። ቤት ውስጥ ኮሽ ሲል ሴትዮዋ ብቻዋን፣ በጨለማ፣ በባዶ እግሯ ምድር ቤት ትወርዳለች። ምን አስወረዳት? ጎረቤት የላትም? እኛ ሰፈር ቢሆን «ኧረ የሰው ያለህ» ብላ አንዴ ትጣራለች፤ ጋኔኑ ከተደበቀበት ሳይወጣ ግቢው በሰው ይሞላል፣ ግማሹ ቁርዓን ይቀራል፣ ግማሹ በስመ አብ ይላል። ወሎ ውስጥ አስፈሪ ፊልም ሊሠራ የማይችለው ለዚህ ነው ብዬ ለቅቄ ሰዉ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅ ከረመ።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አንድ ፊልም ነበር፣ ቤተሰቡ ገበታ ከቦ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ልጅቷ ትስቃለች። የሆነውን ነገር ከእሷ በቀር ሁሉም ያውቃል። ደም የለ፣ ጩኸት የለ፣ ሾርባ እያቀባበሉ ዝም ይሏታል። ያን ፊልም መጨረስ አቅቶኝ ዘጋሁት። ምክንያቱ የራሴ ነው። አባቴ ሲሞት ከገጠር ወጥቼ አክስቴ ቤት ተቀምጬ የአስረኛ ክፍል ፈተና እየተፈተንኩ ነበር። ፈተናው እስኪያልቅ አራት ቀን ደበቁኝ። አክስቴ ጠዋት ጠዋት እንቁላል እየጠበሰች ታበላኝ ነበር፣ እኔም እየሳቅሁ እበላ ነበር። ፈተናውን ወደቅሁ፣ እንቁላሉ ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

ወደ ጀግና ፊልም ስንመጣ፣ ያ የሚበረውን ካባ ለባሹን ማለቴ ነው፣ ስሜን ያስጠራ አንድ አስተያየት አለኝ። እነዚህ ሰዎች ሲጣሉ ከተማ ይፈርሳል። ፎቅ በፎቅ ላይ ይናዳል። ሲያበቃ ጀግናው አቧራውን አራግፎ ከልጅቷ ጋር ይሳሳማል፣ በቃ፣ አለቀ። ፎቁ ውስጥ የነበረው ሰው ምን ሆነ? አንድ ድንኳን እንኳ አይተከልም። የአንድ እድር ጡሩንባ አይነፋም። ያለ ለቅሶ የሚያልፍ ሞት ሞት አይደለም፣ ስለዚህ ፊልሙ ውስጥ ማንም አልሞተም፣ ማንም ካልሞተ ደግሞ ጀግናው ማንን ነው ያዳነው? ይህን ብዬ ለቀቅሁ። ድምፁ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ አዲስ አበባ ደርሶ ተመልሶ ለራሴ መጣልኝ።

እውነቱን ልናገርና አስተያየቱ የእኔ አይደለም። የጀሚል እናት ናቸው የተናገሩት።

ጀሚል ከእኔ ቀጥሎ ባለው ማሽን ላይ ነው የሚሠራው። ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ቆመናል፣ ኮምቦልቻ የተከራየነው ክፍልም ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ዝምተኛ ነው፣ ሰጋጅ ነው፣ ፊልም አያይም። ከእኔ አፍ ግን ይሰማል። የሚሰማው ለራሱ ሳይሆን ለእናቱ ነው። እማማ ቡዜ ቤታቸው ደሴ ቧንቧ ውሃ ነው፤ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሦስት ዓመት አልፎታል። ጀሚል በዕረፍቱ ቀን ሄዶ ከእኔ የሰማውን ፊልም ቁጭ ብሎ ይተርክላቸዋል፣ እሳቸውም ፍርድ ይሰጣሉ። አንድ ቀን የከተማ መፍረስ ሲነግራቸው፣ «የእነዚያን ሰዎች ለቅሶ የት ተቀመጡ?» ብለው ጠየቁት። መልስ አጥቶ መጥቶ እኔን ጠየቀኝ። እኔ በማግስቱ በራሴ ድምፅ ለቀቅሁት። ጀሚል ሰምቷል፣ ምንም አላለኝም። ለእናቱ ሲነግራቸውም «ከወደደው ይውሰደው» ብለው ሳቁ አለኝ። እንደዚህ ያሉ ሴት ነበሩ።

ባለፈው ጥቅምት፣ ረቡዕ ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የደወሉት ጋሽ ጣሀ ናቸው፣ የጀሚል አጎት፣ የእማማ ቡዜ ወንድም።

«ጀሚል አጠገብህ አለ?» አሉኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

«ማሽን ላይ ነው ጋሼ።»

«ራቅ በል እስቲ።»

ወደ መጋዘኑ በር ራቅሁ። 

«ቡዜ ሱብሂ ሰግዳ ጋደም እንዳለች በዚያው ቀረች» አሉኝ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ስማኝ ልጄ፣ አንተ ጓደኛው ነህ። እናትህን ትንሽ አሟታል ተብሎ ይምጣ። መንገድ ላይ እንዳትነግረው፣ መኪና ውስጥ ራሱን ቢጥል ምን ይውጠናል። እቤት ሲገባ እኛ እናረዳዋለን። ግን ከዙሁር ሶላት በፊት አድርሰው። ጀናዛ ሳይቀበር አይቆይም። ያላት ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው፣ ቀብሯ ውስጥ የሚያወርዳት እሱ ነው።»

«እሺ» አልኩ።

ለአለቃችን ለወይዘሮ ወርቅአፈራሁ በጆሯቸው ነገርኳቸው። አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ፣ ከዚያ ፊታቸውን አስተካክለው ወደ ጀሚል ሄዱ። አጎትህ ደውለውልኝ ነበር፣ እናትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ሄደህ ጠይቃቸው አሉት። ግማሽ ሰዓት ፈቃድ ሲጠየቁ የሚቆጡት ሴትዮ ሁለት ቀን ሰጡት፣ ያውም በለሰለሰ ድምፅ። ጀሚል ተገርሞ ሳቅ አለ። እኔም «ፍላሽ ላስሞላ ፒያሳ ልወጣ ነበር፣ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ አብረን እንሂድ» አልኩት።

አዳራሹን አቋርጠን ስንወጣ ወሬው ቀድሞን ነበር። ማሽኑ ይጮሃል፣ ሰዉ ግን እጁ ቆሟል። ጀሚልን ያያሉ፣ ዓይኑ ዓይናቸው ላይ ሲያርፍ ወደ መሬት ያያሉ። አንዷ ልጅ በሁለት እጇ ጨበጠችው፣ እሱም «ምነው፣ ሐጅ የምሄድ መሰለሽ እንዴ?» ብሎ ቀለደባት። ያን መጨረስ ያቃተኝን ፊልም አሁን ከውስጡ ገብቼ አየሁት፤ ሾርባውን የማቀብለው እኔ ነኝ።

ከበሩ እንደወጣን ስልኩ ስጋት ሆነብኝ። አንድ የሰፈር ሰው ደውሎ «አላህ ይዘንላት» ቢለውስ? «የኔ ባትሪ ሞቷል፣ ስልክህን አውሰኝ» አልኩት። ሳያመነታ ሰጠኝ። ደውዬ የጨረስኩ መስዬ አጠፋሁትና «ያንተም ሞተ» ብዬ መለስኩለት። የራሴን ድምፁን ዘግቼ ሱሪ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። በዚያች ሰዓት ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አሁን ልብ በሉልኝ። ጀሚል የሚያውቀው እናቱን ትንሽ እንዳመማቸው ነው። ትንሽ ያመማትን እናት ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው አይሮጥም። ገላውን ታጠበ፣ ልብሱን ቀየረ። «ደሴ ሰሞኑን ብርድ ነው፣ እሱ ነው የመታት» አለ። ከዚያ ፓፓያ ካልገዛሁ አለኝ። «የደሴው ውሃ ውሃ ይላል ትላለች፣ የኮምቦልቻውን ነው የምትወደው።» አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ እየጫነ መረጠ። በጣም የበሰለው ለዛሬ፣ ጠንከር ያለው ለነገ፣ አረንጓዴው ለሚቀጥለው ሳምንት እንዲሆናቸው ለየ። እኔ ከኋላው ቆሜ አያለሁ። ቶሎ በል ብለው ለምን ይለኛል፣ ለምን ካለኝ ምን እላለሁ? መናኸሪያ ስንደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ሚኒባሱ ሞልቶ ሲንቀሳቀስ አምስት።

ወንበራችን ላይ እንደተደላደልን «በል ንገረኝ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ፊልሙን ነዋ። ባዶ አፌን ልሂድባት? ሲያማት ደግሞ ይብስባታል፣ ሌላ የሚያጫውታት የለም።»

ሰኞ ያየሁት አንድ የጀግና ፊልም ነበር። ሰውዬው ግንበኛ ነው፣ ትከሻው የማይችለው ሸክም የለም። ይህን እናቱ እንኳ አታውቅም፣ ተራ ግንበኛ ነው የሚመስላት። ከተማው ወንዝ ላይ የተሠራ ነው፣ ጠላቶቹ ድልድዩን ሊጥሉት ይመጣሉ፣ ሰውዬው ከሥር ገብቶ ሰዉ እስኪሻገር በትከሻው ይሸከመዋል። ፊልሙ ይሄው ነው፣ በእኔ ሚዛን መካከለኛ ፊልም ነው፣ ሙዚቃው ይበዛል። ጀመርኩለት።

ጥሩ አድርጌ ነገርኩት። ከሁሉ የማፍረው በዚህ ነው። ዳገቱን ስንያያዘው ድምፄ ሞቀ፣ ከፊት ያሉት ሴቶች ጆሯቸውን ሰጡኝ፣ ረዳቱ በር ላይ ተደግፎ ወደ እኔ ዞረ። ጀሚል ፓፓያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ልክ እንደ እናቱ ይጠይቀኛል። «ሳይሻገሩ የወደቁት ተቀበሩ?» ይለኛል። «እናትየው ማን ነገራት?» ይለኛል። ስመልስለት ለእሳቸው እንዳይረሳው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይደግመዋል። ያን ከንፈር እያየሁም ምላሴ አይቆምም። ከንግግሬ በአንዱ ቦታ ላይ ዝም ብል እንባዬ የሚመጣ መስሎኝ ነበር፣ ስለዚህ ዝም አላልኩም።

የደሴ ቤቶች ብቅ ሲሉ ፊልሙ አልቆ ነበር። ሰዉ ተሻግሯል፣ ሰውዬው ከውሃው ወጥቷል። ቀጥሎ ያለው ፒያሳ መውረድ፣ ባጃጅ መያዝ፣ ቧንቧ ውሃ መድረስ ነው። ፈራሁ። የእማማ ቡዜን በር ፈራሁ። እና «በዚህ መሀል ሁለተኛው ድልድይ…» ብዬ ቀጠልኩ። ፊልሙ ላይ ሁለተኛ ድልድይ የለም።

ፒያሳ ስንወርድ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ይላል። ጊዜ ነበረን። ከዚያ ቧንቧ ውሃ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ጀሚል ግን ክንዴን ያዘኝ።

«ባጃጅ ውስጥ ድምፅ አይሰማም፣ እዚች ጁስ ቤት ቁጭ ብለን ጨርስልኝ። እዚህ ላይ አቁሜባት እንዴት ትተኛለች?»

ያኔ «አይ፣ ተነስ እንሂድ» ማለት ነበረብኝ። የጁስ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ፊት ለፊቴ ነው፣ ዙሁር ስድስት ሰዓት እንዳለፈ መሆኑን አውቃለሁ፣ የማላውቀው ነገር የለም። «እሺ» አልኩት። ለምን አልክ ብትሉኝ የማስበውን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ። ጀሚል እዚያ የፕላስቲክ ወንበር ላይ እስከተቀመጠ ድረስ እናት አለው። ከተነሳን የለውም። አንድ ብርጭቆ ጁስ እስኪጠጣ እናት ቢኖረው ምን አለበት አልኩ። ይህን ያልኩት ከርህራሄ ነው ከፍርሃት፣ እስካሁን መለየት አልቻልኩም።

ሦስተኛ ድልድይ ጨመርኩ። ግንበኛው በአንድ ትከሻው አንዱን፣ በሌላው ሌላውን ይዞ፣ እናቱ ከማዶ ሆና ስታየው። ጀሚል ሳቀ። የሚስቅ ሰው አይደለም፣ ያን ዕለት ግን ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሳቀ፣ «ይሄን ስነግራት ትሞታለች» አለ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንቀጠቀጣል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ባትሪው ሞቷል ያልኩትን ስልክ አውጥቼ እንዴት አነሳለሁ? እጄን ጭኔ ላይ ጭኜ ድምፁን አፈንኩት።

አዛን ተባለ።

ጀሚል ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እዚሁ ልስገድ» አለኝ። «ቤት ከገባሁ ጠያቂው ይበዛል፣ የጀመዓ ስግደቱ ያመልጠኛል።»

እጀታውን ያዝኩት። «እዚያው ሰፈርህ ብትሰግድ አይሻልም?»

«እስክንደርስ ያልቃል። ምን ሆነሃል አንተ፣ ፊትህ ልክ አይደለም?»

አፌ ተከፍቶ ነበር። ጀሚል እናትህ አርፈዋል፣ አሁን ብንሮጥ እንደርሳለን፤ ይሄን ያህል ነው፣ አንድ ትንፋሽ አይሞላም። «ቶሎ በል» አልኩት። ከአፌ የወጣው ያ ብቻ ነው።

መስጊዱ በር ላይ ከጫማዎቹ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ፓፓያው ጭኔ ላይ። ስልኬን አወጣሁ። ጋሽ ጣሀ አስራ አንድ ጊዜ ደውለዋል። መልሼ ደወልኩ፣ አይነሳም። እንዴት ይነሳል? እሳቸውም ሰልፍ ውስጥ ናቸው፣ የስልካቸውን ድምፅ ዘግተዋል። ቧንቧ ውሃ ያለው መስጊድ ውስጥ እማማ ቡዜ ከሰልፉ ፊት ተኝተዋል፣ እየተሰገደባቸው ነው። ልጃቸው ከእኔ በግድግዳ ተለይቶ፣ በሌላ መስጊድ፣ በሌላ ሰልፍ፣ በዚያው ሰዓት ግንባሩን መሬት ላይ አድርጓል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ሥርዓቱን ጠንቅቄ አላውቅም። ግን እናትና ልጅ በዚያች ሰዓት በሁለት መስጊድ መሆናቸውን ያወቅሁት በምድር ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሌላው ሰጋጅ ከወጣ ብዙ ቆይቶ ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር።

«ጥሩ ዱዓ አደረግሁ» አለኝ። «አፊያዋን ለመንኩላት፣ እንድትድን። ቀለል አለኝ።»

ጎንበስ ብዬ ጫማውን እግሩ ሥር አቀረብኩለት። «አንተ ደግሞ ዛሬ ምን ሆነህ ነው» ብሎ አፈረ።

ባጃጁ ቧንቧ ውሃ ሲገባ ሰዎች በቡድን በቡድን ሆነው ሲመለሱ አገኘናቸው። ሱሪያቸው ተጠቅልሏል፣ እጃቸው አፈር ነክቷል። ጀሚል አንገቱን አወጣ። «ጀናዛ ነበር፣ የሰፈር ሰው ሞቷል ማለት ነው» አለ። «አቁምልን ወንድሜ፣ ለቅሶ አልፈን አንሄድም።» አንድ እግሩን ሲያወርድ ጋሽ ጣሀን አየ። ነጭ ልብሳቸው ጉልበቱ ላይ ቀይ አፈር ነው። ከእሳቸው ኋላ የራሱን ቤት በር አየ፣ በሩ ላይ ድንኳን እየተተከለ ነው።

አልጮኸም። ሰዉ ሊይዘው ሲሮጥ እጁን ዘርግቶ አቆማቸው።

«ማን አወረዳት?» አለ።

«እኔ» አሉ ጋሽ ጣሀ። ከዚያ እኔን አዩኝ። «ደወልን እኮ ልጄ። ደጋግመን ደወልን።»

ጀሚል የባጃጁ ጎማ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። «እኔ እዚያ ሰግጄ ነው የመጣሁ» አለ፣ ለማንም አይደለም። «እዚያ ቁጭ ብዬ ጁስ ጠጥቼ።» ሽማግሌዎቹ አብሽር፣ የአላህ ፈቃድ ነው ይሉታል፣ እሱ ያንኑ ይደግማል። ኋላ ደግፈው መካነ መቃብሩ ወሰዱት፣ አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። እጁን ጭኖበት ብዙ ቆየ፣ ሊያነሱት ሲሉ እንቢ አለ፣ እኔ ስይዘው ተነሳ።

ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። ጀሚል ከጋሽ ጣሀ ጋር አልነጋገር አለ። «እንደ ሕፃን አታለላችሁኝ» አላቸው አንዴ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም። ምግብ ሲያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል። ከእኔ እጅ ብቻ ይጎርሳል። እኔም አጎረስኩት። ጠዋት አጎረስኩት፣ ማታ አጎረስኩት፣ ጎረቤቱ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» ብሎ መረቀኝ። እያንዳንዱ ምርቃት እንደ ጥፊ ነው የሚያርፍብኝ። አክስቴን አሰብኳት፣ ለካ እሷም እንቁላሉን ያበላችኝ እንዲህ ሆና ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ዱዓው ካለቀ በኋላ፣ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ከኮምቦልቻ ሠራተኞች ይዘው መጡ። አልቅሰው ተቀመጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አፉ በለኝ ልጄ፣ ታዝዤ ነው» አሉት።

ጀሚል ቀና ብሎ አያቸው። «ሁላችሁም ታውቁ ነበር» አለ። «አዳራሹ ሙሉ ያውቅ ነበር። እዚህም ሰፈሩ ሙሉ። እናቴን ላወርዳት እንደምችል እያወቃችሁ ፓፓያ ስመርጥ ዝም አላችሁኝ።» እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። «ያላወቀ እሱ ብቻ ነው። የሁለታችንም ስልክ ሞቶ ነበር። ቢያውቅማ ኖሮ ጁስ ቤት ያስቀምጠኛል? እየጎተተ ያደርሰኝ ነበር።»

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ መሬት መሬት አዩ። ጋሽ ጣሀ የሚቆጥሩትን ሙስበሃ አቆሙ፣ ከዚያ ቀስ ብለው መቁጠሩን ቀጠሉ። ገባኝ። ትተውልኛል። ማንም አይናገርብኝም፣ ዛሬም ነገም። ዝም ካልኩ ጀሚል ጓደኛዬ ሆኖ ይኖራል፣ ማሽኔ አጠገብ ይቆማል፣ ይህን ቀን እያነሳ እኔን እያመሰገነ ያረጃል። እጁ ጉልበቴ ላይ ይሞቃል። ያን ሙቀት መሸከም አቃተኝ።

«ጀሚል» አልኩት። «የኔ ስልክ አልሞተም ነበር።»

ወዲያው አልገባውም። ፈገግ ሊል ዳር ዳር አለ።

«ጋሽ ጣሀ የደወሉት ለእኔ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። ከዙሁር በፊት አድርሰው ብለውኝ ነበር።»

እጁን ከጉልበቴ ላይ አነሳ። በቁጣ አይደለም፣ የሰው ዕቃ ነክቶ እንደተገኘ ሰው ቀስ አድርጎ አነሳው።

«ጁሱን ስጠጣ?» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ልሰግድ ስገባ?»

«አውቅ ነበር።»

«አፊያዋን ለመንኩላት ስልህ?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ሌላ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ጠበቅሁ፣ ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰበሰበ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ሰዉን ሁሉ ስቀየም» አለ፣ «አንተን አስቀርቼ ነበር።»

ተነስቶ ወጣ። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ገና አልተባለም፣ ግን ለስግደት ሊታጠብ ውሃ ይዞ ወደ ጓሮ ሲሄድ ታየኝ። የተከተለው የለም። ሰዉ እኔን ላለማየት ሻይ ይቀዳዳል፣ ብርጭቆ ያቀባብላል።

ጋሽ ጣሀ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ይወቅሱኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ማንም እንዳይሰማ በጆሮዬ ነው የተናገሩት።

«ምነው ልጄ» አሉኝ፣ «እናቱንስ አላህ ወሰዳት። ጓደኛ እንኳ ቢተርፈው ምን ነበረበት?»

ጫማዬን ፈልጌ ወጣሁ።